ግንፍሌ ወንዝ ነው ወይስ ቦይ?

ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አንድ የውይይት ክር ሦስት ምሽት እንቅልፍ ነሳኝ። ርዕሱ ቀላል ነው፦ በአዲስ አበባ ግንፍሌ ሰፈር የሚፈሰው ግንፍሌ ወንዝ ነው ወይስ ቦይ? እኔም የከፈትኩት ሳቅ ፍለጋ ነበር። 31 መልስ አንብቤ ስጨርስ ግን ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ በጣቴ ውሃ እከተል ነበር። ላመለጣችሁ፣ የተባባሉትን በራሴ አንደበት ልተርክላችሁ። ሁሉንም እኩል አልዘረዝርም። አንዳንዱ መልስ የተጻፈውም ተዘሎ እንዲታለፍ ነው።

ክሩን የከፈተው ሰው ግንፍሌ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን አያት ኮንዶሚኒየም የሚኖር አባወራ ነው። አንድ እሁድ የስምንት ዓመት ልጁን ይዞ በአዲሱ የወንዝ ዳር መንገድ ሊናፈስ ወጣ። ልጁ ውሃውን አየና የት እንደሚሄድ ጠየቀው። አባት ወደ ታች እንደሚሄድ ነገረው። ልጁ ከዚያ በኋላስ ብሎ ወጥሮ ያዘው። አባት ሆዬ ዝም። ሃያ አምስት ዓመት ከጓሮው ሲፈስ የሰማው ውሃ ድልድዩን ካለፈ በኋላ የት እንደሚገባ አያውቅም። ማፈሩን ሳይደብቅ ጻፈና የሚያውቅ ሰው እንዲነግረው ለመነ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። በመጨረሻው መስመር ግን እሳት ጫረ። ግንፍሌ ድሮም ወንዝ ሆኖ እንደማያውቅ፣ ቦይ እንደሆነ፣ አሁን ወንዝ የሚል ማዕረግ ያገኘው መብራትና አግዳሚ ወንበር ስለተደረደረለት ብቻ እንደሆነ ጨመረበት።

1ኛው መላሽ የድሮ አስተማሪ ይመስላል። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ልጁን መርቆ፣ በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ውሃ ወንዝ እንደሚባል በትህትና አስረዳ። ጅረት ማለትም ያስኬዳል። ቦይ ግን ሰው የቆፈረው ነው፤ ግንፍሌን ደግሞ ማንም አልቆፈረውም። 2ኛው ተስማማ። 3ኛው የሳቅ ምልክት ትቶ ሄደ።

የልጁን ጥያቄ በቅጡ የመለሰው 4ኛው ነው። ግንፍሌ ከእንጦጦ ግርጌ ይነሳል፤ በአራት ኪሎና በቀበና መሃል ቁልቁል ወርዶ ቀበና ወንዝ ውስጥ ይገባል። ቀበና ደግሞ ወደ ደቡብ ሲወርድ ባንተ ይቀጡ የሚባለውን ወንዝ ይቀበላል፤ ወደ ቦሌ ግድም ስሙ ቡልቡላ ይሆናል፤ ሄዶ ሄዶ ትልቁ አቃቂ ላይ ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ነው፤ ያ በጣሊያን ጊዜ ያለቀው፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ ዛሬ ደለልና እምቦጭ የሚያስጨንቀው ግድብ። ከዚያ አዋሽ ነው። ቆቃን፣ መተሐራን አልፎ አፋር ይገባል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር አያይም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ ልጁ ከግንፍሌ ድልድይ ላይ የጣላት ቅጠል ሁለት ግድብ ካመለጠች መጨረሻዋ አፋር ነው። ይህን ሳነብ ቀበና ያደግኩት ሰው ደነገጥኩ። ለእኛ ወንዙ የሚያልቀው ድልድዩ ጋ ነበር። ከድልድዩ በታች ያሉት ሌላ ሰፈር ናቸው፤ ኳስ ስንጋጠም ብቻ ነው የምናውቃቸው።

5ኛው ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ግንፍሌ እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ ጻፈ። 6ኛው አረመው። በፓርኩ የሚያልፈው ባንተ ይቀጡ ነው፤ በፍልውሃ በኩል የሚወርደው። ይህ ሰው ታሪክ ይወዳል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት እንዳሠሩ፣ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም. ከዚያ እንደጀመረች አነሳ። ቀጠለናም የጥንቷ አዲስ አበባ አንድ ከተማ ሳትሆን በየኮረብታው የሰፈሩ መኳንንት ሰፈሮች እንደነበረች፣ ሰፈርን ከሰፈር የሚለየውም እነዚህ ወንዞች የቦረቦሩት ሸለቆ እንደሆነ አስታወሰ። ክረምት ሲገባ ድልድይ በሌለበት ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መሻገር ትልቅ ጣጣ ነበር። ዛሬም የአዲስ አበባ መንገድ ለምን ሽቅብና ቁልቁል እንደሚል የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከድልድይ ስር ያገኘዋል። ይህቺ የመጨረሻዋ የእኔ ናት።

7ኛው መልስ የክሩ ጌጥ ነው። የጻፈችው የልጅ ልጅ ናት፤ ወሬው ግን የአያቷ ነው። አያት በጃንሆይ ዘመን ተድረው ግንፍሌ የመጡ ሴት ናቸው። ያኔ ውሃው ሥርዓት ነበረው። የሚጠጣው ከላይ ይቀዳል። ልብስ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይታጠባል። ከብትና አህያ ከሁሉም በታች ይጠጣሉ። ሥርዓቱን ያፈረሰ ሰው ከነእናቱ ይሰደብ ነበር።

ማጠቢያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እሳቸው መሃሉ ጎድጎድ ያለ አንድ ድንጋይ ነበራቸው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ሳሙና ብርቅ ስለነበር የደረቀ እንዶድ ወቅጠው በቆርቆሮ ጣሳ ይዘው ይወርዱ ነበር። አረፋው ነጭ ሆኖ ይፈሳል። ማለዳ ሲደርሱ አረፋ ከላይ ሲወርድ ካዩ ከእሳቸው ቀድማ የመጣች ሴት እንዳለች ያውቃሉ፤ ያቺ ሴት ማን እንደሆነችም ከአረፋው ብዛት ይገምታሉ። የታጠበው ነጠላ ሣር ላይ ይሰጣል። ልጆች አህያ እንዳይረግጠው ይጠብቃሉ። ልጅ ሆነው ከጠባቂዎቹ አንዷ የነበሩት የጸሐፊዋ እናት አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዷቸው ምን እንደደረሰባቸው በዝርዝር ተጽፏል። እኔ ልለፈው፤ አርጩሜ አለበት።

8ኛው እማማን በአክብሮት ሰላም ብሎ በዚያ ዘመን ዓሣ አይተው እንደሆነ ጠየቃቸው። የልጅ ልጅ ተመልሳ ያዩት እንቁራሪት እንጂ ዓሣ እንዳልሆነ ነገረችው። ይህቺ ዓሣ ኋላ ትመጣለች።

9ኛው የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ወይም እንደዚያ ያስመስላል። የእማማን ትዝታ ሳይነካ ወደ ዛሬው ወሰደን። በታኅሣሥና በጥር ግንፍሌ ውስጥ የሚፈሰው በአብዛኛው የምንጭ ውሃ ሳይሆን ከየቤቱ የሚለቀቅ ፍሳሽ ነው። ከተማዋ ያደገችው ከፍሳሽ መስመሩ ቀድማ ነው። መስመር የተዘረጋለት ቤት ፍሳሹ ቃሊቲ ማጣሪያ ይደርሳል። ያልተዘረጋለት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጉድጓድ ሲሞላ ደግሞ ቁልቁለቱ የት እንደሚወስደው የታወቀ ነው።

ስለ ቁልቁለቱም ቁጥር ሰጠን። የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በመሃላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ውሃ እንዲህ ባለ ደረጃ ላይ አይራመድም፤ ይሮጣል። ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ዛሬ ቆርቆሮና አስፋልት ላይ ወርዶ አንዴ ወንዙ ውስጥ ይደፋል። ስለዚህ ሰውየው ክርክሩን በራሱ መንገድ ዳኘው፦ ግንፍሌ በጥር ቦይ፣ በነሐሴ ወንዝ ነው። ይህቺን ፍርድ ወድጃታለሁ።

ከዚያ 10ኛው መጣና ኑዛዜ አወረደ። ከዓመታት በፊት ወንዙ ዳር ባለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። የግቢው መጸዳጃ ጉድጓድ ከሥሩ የፕላስቲክ ቱቦ ነበረው። የቱቦው አፍ በአሮጌ ጨርቅና በፌስታል ተወትፏል። በጋውን ሙሉ እንደተወተፈ ይቆያል። ክረምት ገብቶ ሌሊት ሰማዩ ሲያጓራ አከራዩ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ባትሪ ይዘው ይወርዳሉ። ጨርቁን ይነቅሉታል። ጠዋት ወንዙ ሁሉን ጠራርጎ ወስዶታል፤ የመጣጭ መኪና ወጪም ተርፏል። ተከራዩ ይህን በመስኮት ሦስት ክረምት አይቷል። አንድ ቀን እንዲያውም ባትሪውን ያዝልኝ ተብሎ ይዟል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም አንቱ ይባባሉ ነበር። 11ኛው አንተ ብሎ ጀመረ። ባትሪ ያዥውን ከአከራዩ እኩል ወንጀለኛ አደረገው፤ ከታች የሚኖሩ ልጆች በዚያ ውሃ እንደሚጫወቱ አስታወሰው፤ እንዲህ ያለ ነገር እንደ ቀልድ መጻፉንም ነቀፈ። 12ኛዋ ለተከራዩ ቆመች። አፉን ቢከፍት በማግስቱ ዕቃው በር ላይ ይወጣ እንደነበር ተከራይ የነበረ ሁሉ ያውቃል። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ግን 10ኛው ባይናዘዝ መሐንዲሱ የነገረን ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። ጨርቁንና ባትሪውን ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ።

13ኛው ነገሩን ያበረደው መስሎት የልጅነት ታሪክ አመጣ። ታሪኩ ስለ ደራሽ ውሃ ነው። በጋ ሊወጣ ሲል፣ ውሃው ሲያንስ፣ የሰፈሩ ልጆች ወንዙ ውስጥ ጠጠሩ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። የጨርቅ ኳስ ነው። ከእነሱ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል። ቀጥሎ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። አንዱ ልጅ ደራሽ ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደየቀረበው ገደል ተንጠላጠለ። ውሃው ቀይ ሆኖ፣ ግንድ፣ ጀሪካንና የሰው ፍራሽ ተሸክሞ አለፈ። ጸሐፊው የዳነው በስተማዶ ነው። አንድ እግሩ ሸራ ጫማ አለው፤ ሌላው ባዶ ነው። ኳሷ የለችም። ወደ ቤቱ ለመመለስ በአንድ ጫማ እስከ ድልድዩ ዞሯል። እናቱ የጠየቁት መጀመሪያ ስለ ጫማው ነው።

14ኛው ይህን አጠናከረ። በእነሱ ሰፈር እናቶች ሰማዩን ሳይሆን እንጦጦን ነበር የሚያዩት። እንጦጦ ከጠቆረ፣ እታች ፀሐይ ቢሆንም፣ ልጅ ከወንዝ ይጠራል። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ መስኮት ስትከፍት ዓይኗ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ባሕር ዛፍ ዞረ። 15ኛው ምንጮቹን ያደረቀው ባሕር ዛፍ እንደሆነ ደምድሞ ጻፈ፤ ከእንጦጦ ላይ ተነቅሎ አገር በቀል ጽድና ወይራ ቢተካ ግንፍሌ እንደ ጥንቱ ይሆናል ባይ ነው። 16ኛው አልተዋጠለትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ ባያስመጡ ኖሮ ማገዶ ያለቀባት አዲስ አበባ ተነስታ ወደ አዲስ ዓለም ልትሄድ እንደነበር አስታወሰው። ያን ዛፍ በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦ እየወረዱ ስንት ቤት ያሳደሩ እናቶችንም አነሳ። ለዛፉ ጥብቅና የቆመ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

17ኛው እኔ ነኝ። አላስቻለኝም። የጻፍኩት አጭር ነው፦ እንጦጦ የቤት ጣሪያ ነው። በደቡብ ተዳፋቱ የወረደ ጠብታ ግንፍሌን፣ ቀበናን፣ አዋሽን ይዞ አፋር በረሃ ይቀራል። በሰሜን ተዳፋቱ፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው ደግሞ ዓባይ ይገባና ግብፅ ይደርሳል። ሁለት ጠብታ ከአንድ ደመና ወርደው አንዱ ሜዲትራኒያንን ያያል፤ ሌላው ጨው ሐይቅ ውስጥ ይተናል። አራት ሰው ወደደልኝ። ብዙ ጠብቄ ነበር።

ቀጥሎ የስም ጣጣ መጣ። 18ኛው ግንፍሌ የሚለው ከመገንፈል የመጣ እንደሆነ፣ ወተት እንደሚገነፍል ወንዙም ክረምት ላይ ስለሚገነፍል እንደሆነ ጻፈ። 19ኛው ደግሞ ባንተ ይቀጡ የሚለውን ስም ፈታ፤ ወንዙ ሰው ይወስድ ስለነበር ክፉዎች በአንተ ይቀጡ ተብሎ ነው አለ። ሲያዩት ያምራል። ያማረ ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

20ኛው ቆጣ ብሎ ገባ። የአዲስ አበባ ወንዞች ስም ሁሉ በአማርኛ ካልተፈታ የሚሉ ሰዎች እንደሰለቹት አልደበቀም። በኦሮምኛ ቀበና ማለት ቀዝቃዛ ነው። ቁርጡሜ የሚባለው የከተማዋ ወንዝ ዓሣ ማለት ነው። ለገ ማለት ወንዝ ነው፤ ለገዳዲና ለገጣፎ ከዚያ ናቸው። ስሙን ያወጡት ውሃውን ቀድመው የጠጡት እንደሆኑ ጻፈ። ለዚህ መልስ የጻፉ ሁለት ሰዎች ከወንዝ ወጥተው ፖለቲካ ውስጥ ገቡ። አወያዩ የሁለቱንም አጠፋና ስለ ውሃው እንድንነጋገር አሳሰበ። ቁጥሩ ግን ስላልተስተካከለ ክሩ ከ20 ወደ 23 ዘለለ።

እኔ ግን በዚያ መልስ ውስጥ አንድ ነገር ያዝኩ። 8ኛው ለእማማ ያቀረበውን የዓሣ ጥያቄ አስታወሳችሁ? ከግንፍሌ አይሁን እንጂ፣ ዓሣ የሚል ስም ያለው ወንዝ እዚሁ ከተማ መሃል ይፈሳል። ዛሬ ያ ወንዝ ውስጥ ዓሣ የሚፈልግ ሰው አይገኝም። ስሙ ብቻ ይዋኛል።

23ኛው በ20ኛው ገለጻ ተማርኮ ዕውቀቱን አሰፋ። ለገሃርም እንግዲህ የኦሮምኛ ስም ያለው ወንዝ መሆን እንዳለበት፣ ወንዙም ከባቡር ጣቢያው ስር ተቀብሮ እንደቀረ ጻፈ። 24ኛው ለገሃር ከፈረንሳይኛ የመጣ ባቡር ጣቢያ ማለት እንደሆነ ነገረው። ክሩ በሳቅ ተናጋ። 20ኛው ራሱ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ስም አልተጣላም።

25ኛዋ ከዋሽንግተን ጻፈች። የምትኖርበት ከተማም ታይበር ክሪክ የሚባል ትንሽ ወንዝ ነበረው። ነጋዴ ዕቃ ያመላልስበት ነበር፤ ኋላ ቆሻሻ መጣያ ሆነ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቱቦ ውስጥ አስገብተው መንገድ ሠሩበት። ዛሬ መኪና የሚተራመስበት ሰፊ ጎዳና ነው። ሽታውን ሳያጸዱ ሸፈኑት። የእኛ ግን ገና ክፍት ነው፤ ይህ ደግሞ ዕድል ነው ብላ ታምናለች። ቀጥላ ግንፍሌ ድልድይ አጠገብ ጠዋት ጠዋት ፓስቲ የሚጠብሱ እናት ዛሬም አሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ሳይመለስ አለፈ። ምክንያቱም 26ኛዋ መጣች።

26ኛዋ የወንዝ ዳር ተነሺ ናት። አርባ ዓመት የኖረችበት ቤት ለልማቱ ፈርሶ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች። አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። አዲሱን መንገድ ሄዳ እንዳየችው፣ መብራቱ እንደሚያምር፣ ሽታውም እንደቀነሰ በቅንነት ጻፈች። ግን የቤቷን ቦታ መለየት አቅቷት ሁለት ጊዜ አልፋዋለች። በሦስተኛው ያወቀችው በጌሾዋ ነው። ከአጥሩ በስተጀርባ፣ ከድጋፍ ግንቡ ጥግ፣ ጓሮዋ የነበረው ጌሾ አንድ ግንድ ቀርቶ ቅጠል አውጥቷል። ቅጠል በጠሰች። ጥበቃው እንዳትነካ ነገራት።

27ኛው የጻፈውን ባላነበብኩት በወደድኩ። ወንዝ ዳር የሠፈሩት ሁሉ ሕገ ወጥ እንደሆኑ፣ ወንዙን ያቆሸሹትም እነሱ እንደሆኑ በአንድ ትንፋሽ ደመደመ። ሴትዮዋንም አንቺ አላት። ከዚህ በፊት ተጣልተው የነበሩት 11ኛውና 12ኛዋ አንድ ላይ ተነሱበት። 28ኛው 11ኛው ራሱ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ እየከፈለ አርባ ዓመት የኖረ ሰው ሕገ ወጥ እንደማይባል፣ 10ኛው የነገረን አከራይ የግንብ ቤትና የግል ግቢ እንደነበራቸው፣ ቆሻሻ ደግሞ ድሃና ሀብታም ሳይለይ ከላይ ወደ ታች እንደሚፈስ ነገረው። የሚቆጣ ሰው ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ለካ ለሁሉም ወገን ይቆጣል። 27ኛው አልተመለሰም።

29ኛው ስለ ጅብ ነው። ሌሊት ጅቦች ከእንጦጦ በወንዙ ሸለቆ ወርደው መሃል ከተማ እንደሚደርሱ፣ ለእነሱ ወንዙ ቀለበት መንገድ እንደሆነ ጻፈ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሙሉ ክር ይወጣው ነበር። እዚህ ማንም አላነሳውም።

30ኛው ክሩን የከፈተው አባት ራሱ ነው። ሁሉንም እንዳነበበ ገለጸ። ቦይ ማለቱን ግማሹን ተወ፤ የመሐንዲሱን ፍርድ ተቀብሏል። ባለፈው ቅዳሜ ልጁን ይዞ፣ የ4ኛውን መልስ በወረቀት ገልብጦ፣ ውሃውን እስከ አቃቂ በመኪና ተከተሉት። ሙሉውን ማየት አልቻሉም፤ የሚታየው ከድልድይ ድልድይ ነው። ልጁ በየድልድዩ ወርዶ ሽታውን ከአሥር ነጥብ ይሰጥ ነበር። አቃቂ ሲደርሱ ማሳ አዩ። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን፤ ለምለም ነው። አንድ ገበሬ በሞተር ከወንዙ ውሃ እየሳበ ያጠጣል። አህያ የተጫነችው ቆስጣ ወደ ከተማ ሽቅብ ትወጣለች። ልጁ ቆስጣዋ የት እንደምትሄድ ጠየቀ። አባት በዚህኛው ጥያቄ መልስ ነበረው፤ ግን እንዳልነገረው ጻፈ። እናቱ ያን ቀን የሠራችው ጎመን በሥጋ ነበር።

31ኛዋ እንደገና የዋሽንግተኗ ናት። ፓስቲ የሚጠብሱት እናት አሉ ወይ ብላ ደግማ ጠየቀች። እስካሁን የመለሰላት የለም። ነገ ጠዋት ወደ አራት ኪሎ የምሄድበት ጉዳይ አለኝ፤ በግንፍሌ በኩል አድርጌ አየሁና 32ኛ ሆኜ እነግራታለሁ።